የባንዱ መሪ የቆመበት ግድግዳ

ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ በሚባለው መንገድ ላይ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኜ ስሠራ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ እዚህ አሜሪካ የመጣ ሐበሻ ሁሉ ድሮ ትልቅ ሰው ነበር። ታክሲ የሚነዳው ሥራ አስኪያጅ ነበር፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀው ኮሎኔል። መጀመሪያ ላይ አምን ነበር። ሦስተኛው ኮሎኔል ሲመጣ ግን ተውኩት። ስለዚህ ሥራ ቀይሬ፣ ኦክላንድ አጠገብ ኤል ሴሪቶ ውስጥ ዘጠናን የተሻገሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ መንከባከብ ስጀምር፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «አባቴ ኦክላንድ ውስጥ ትልቅ ባንድ ይመራ ነበር» ሲሉኝ፣ በሆዴ «ይኸው፣ ጀመሩ!» አልኩ።

ወሬያቸው ግን ይጥማል። አባትየው ፒያኖ ተጫዋች ነበር አሉ። ስዊንግ የሚባለው ሙዚቃ ገና ብቅ ሲል ትራምፔቱንም ሳክስፎኑንም ሰብስቦ አሥራ ምናምን ሰው ያለው ባንድ አቋቋመ። ቅዳሜ ኦክላንድ፣ እሑድ ሳን ሆዜ ያስጨፍራል። ትልልቅ ሆቴሎች መድረክ ላይ በጭብጨባ ይቀበሏቸዋል፤ የሚገቡት ግን፣ ጥቁር ናቸውና፣ በወጥ ቤቱ በር ነው። በኋላ የምሥራቅ አሜሪካ ባንዶች ጎበዝ ጎበዞቹን እየመረጡ ወሰዱበት። ሸክላ አስቀርፆ ነበር፤ ገበያ ላይ ሳይውል ቀረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የቀሩትም ተበተኑ፣ እሱም ባቡር ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ ጡረታ ወጣ።

ገበያ ላይ ያልዋለ ሸክላ! ስልኬ ላይ ፈለግኩ፤ ምንም የለም። ፎቶ ካለ ብዬ ጠየቅኳቸው። «የእናቴ ቤት ሲቃጠል አብሮ ሄደ» አሉ። ቃጠሎም ተጨመረበት። እንዲህ የሚመች ታሪክ ሰምቼ አላውቅም።

ሳን ፓብሎ ከተማ አብሮኝ የሚኖረው አባቴ ወጣትነቱን ወታደር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ክላርኔት ሲነፋ ነው ያሳለፈው። የእሱን የማምነው ሲነፋ በዓይኔ ስላየሁ ነው። እራት ላይ የሽማግሌውን ነገር አንስቼ ስስቅ እሱ አልሳቀም።

«አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለ። «ባንዱ ሲጫወት አባታቸው የት ነበር የሚቆመው? ፊት ለፊት ዱላ ሲያወዛውዝ ነበር ካሉሽ፣ ፊልም አይተው ነው።»

በማግሥቱ ካልሲያቸውን እያለበስኳቸው ጠየቅኳቸው።

«ምን ይቆማል፣ ይሄዳል እንጂ!» አሉ ሳያስቡ። «ያስጀምራቸውና ከመድረክ ይወርዳል። እኔን እጄን ይዞ፣ በሚጨፍረው ሰው መሃል አቋርጦ፣ ከኋላ ግድግዳው ጋ ይቆማል። ድራሙ ሳክስፎኖቹን ከዋጣቸው ኮፍያውን ከፍ ያደርጋል፤ ድራመሩ ከሩቅ አይቶ ይቀንሳል። ሁሉም ሲስማማለት ደግሞ ምቱን በጣቱ ጀርባዬ ላይ ይመታልኝ ነበር።» እጄን ሳቡና ምቱን መዳፌ ላይ አሳዩኝ።

ለአባቴ ስነግረው ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። «የእኛም አለቃ እንደዚያ ነበር» አለ። «መድረክ ላይ ቆመሽ ባንድ አይሰማሽም። ሰውየው አይዋሹም።» አመንኩ፤ ደስም አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ እውነተኛ ትልቅ ሰው አገኘሁ።

ልጃቸውን ግን ማመን አልቻልኩም። ሳን ሆዜ ነው የምትኖረው፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች። አንዴ ሳሎኑን በሜትር ስትለካ ደረስኩባት። «ምንጣፍ ልቀይርለት ነው» አለች። ምንጣፉ ምንም አልሆነም። ሌላ ቀን ኪችን ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አያቴ የባቡር ምግብ አብሳይ ነበር። ይኼ የባንድ ወሬ የመጣው በቅርቡ ነው፤ አእምሮው እየከዳው ነው» አለችኝ። የአረጋውያንን ጉዳይ የምታይ ሶሻል ወርከር መጥታ ትጠይቃቸዋለች፤ ቤታቸው መቆየት አይችሉም ካለች፣ ሳን ሆዜ የአረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ። እሳቸው ደግሞ ከዚህ ቤት ሬሳዬ ካልሆነ አይወጣም ብለዋል።

በስደት ካምፕ ያለፍን ሰዎች ኢንተርቪው እናውቃለን። ኦፊሰር ፊት እውነት ብቻውን አያወጣም፤ የባልና የሚስት፣ የአባትና የልጅ ቃል መግጠም አለበት። ለኢንተርቪው የሚገባ ሰው ስናገኝ ማስጠናት ለእኛ ስንቅ እንደ መቋጠር ነው። እሳቸውንም አስጠናኋቸው።

«የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። ማስረጃ የሌለውን አያንሱ። ከልጅዎ ቃል ጋር ይግጠም።»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

ሶሻል ወርከሯ ወጣት ናት፣ ፈገግታዋ አያልቅም። ቀኑን፣ መድኃኒታቸውን፣ የምድጃውን አጠፋፍ ጠየቀቻቸው፤ አንዱንም አልሳቱም። አለቀ ስል ልጅየዋ ጣልቃ ገባች። «ዳዲ፣ እስቲ ስለ አያቴ ንገራት።»

ወጥመድ! ሽማግሌው ዞር ብለው እኔን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«አባቴ ባቡር ላይ ምግብ ያበስል ነበር።»

«ሙዚቃስ?» አለች ሶሻል ወርከሯ።

«ኧረ! ሬዲዮ እንኳ አይወድም ነበር።»

ጻፈችው። ልጅየዋ ወለሉን እያየች ቀረች። እኔ «ይዋሻሉ!» ብዬ መጮህ አማረኝ። ብጮህ ቤታቸውን የማሳጣቸው እኔ ነኝ።

ቤታቸው ይቆዩ ተባለ። ያን ቀን ምሳ ላይ የሚወዱትን የዶሮ ሾርባ ሠራሁላቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አሁን ማንም የለም» አልኳቸው። «እስቲ የግድግዳውን ነገር ይንገሩኝ። ኮፍያውን የሚያነሳበትን።»

ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ እኔ ኮሎኔሎቹን በጥርጣሬ የማይበት ነው።

«ማን ነው ጠይቂው ብሎ የላከሽ?» አሉ።

«ማንም። ለራሴ ነው።»

«አባቴ ባቡር ላይ ምግብ ያበስል ነበር» አሉኝና ወደ ሾርባቸው ተመለሱ።