ከቀብር መልስ የተከለከለ ውሃ

የመካኒሳዋ ወይዘሮ ዘነቡ የዕድሩን ዕቃ በአደራ መጠበቅ ከጀመሩ ወዲህ ለቀስተኛን አስጠምተው አያውቁም። አተት የሚባለው ክፉ ተቅማጥ ሰፈሩን ባስጨነቀበት በዚያ ክረምት ግን፣ ከቀብር የተመለሰው ሕዝብ በርሜሉን ሲከብብ ክዳኑን በሁለት እጃቸው ተጫኑት፤ ከጕድጓድ የተቀዳው ውሃ ተዋሲያን ገዳዩ ክሎሪን የገባበት ገና አሁን ነበርና።

«አንቺ ዘነቡ፣ ለሐዘንተኛ ውሃ መንፈግ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?» ሲሉ የሟች ወንድም ጋሽ ኢያቄም ጮኹ።

«ይርገሙኝ ጋሼ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አይቀመስም።»

«እስከዚያ በጥም ልትጨርሺን ነዋ!»

ድንኳኑ በማጉረምረም ተሞላ። ጋሽ ኢያቄም ጣሳ ይዘው ክዳኑን ሊያነሡ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ የሟች ሚስት ወርቅዬ ከፍራሹ ተነሥታ ከዘነቡ ጎን ቆመች።

«ባሌን ቀብሬ መጣሁ» አለች። «ጎረቤቶቼንም ልቅበር?»

ጋሽ ኢያቄም ጣሳውን አስቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቁ ጀመር።