የሒሳብ ፈተናውና የአያቴ ዳማ ፈረስ

ትናንት ዳንግላ ገበያ ዳር ዝናብ ያበሰበሰው የጋሪ ፈረስ አጠገቤ ቆሞ ገላውን ሲያራግፍ፣ ያ የላብና የእርጥብ ጠጉር ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ለብቻዬ ፈገግ አልኩ፤ ባለጋሪው ለእሱ መስሎት "እንዴት ዋልሽ?" ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። እኔ ግን በሐሳብ ነጉጄ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ትምህርት ቤታችን፣ ስድስተኛ ክፍል ገብቼ ነበር።

በዚያ ዓመት የመጡልን ዳይሬክተር ጋሽ መላኩ፣ የትምህርት ካሌንደሩን ካርቶን ላይ ለጥፈው ከቢሯቸው በር ላይ የሰቀሉ፣ ደወል ሲዘገይ ፊታቸው የሚጠቁር፣ የቆላ አገር ሰው ነበሩ። የመንፈቅ ዓመቱ የሒሳብ ፈተና በጥር በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ቀን እንደሚውል ሲነግሩን ክፍሉ ለቅሶ ቤት መሰለ። የእኔ ደግሞ ይብስ ነበር፤ ጉልበታቸው የከዳቸው አያቴ "ዘንድሮ ጋልቤ ኮርቻዬን እሰቅላለሁ" ብለዋል።

እያለቀስኩ ቤት ገብቼ ነገርኳቸው። በማግስቱ ዳማ ፈረሳቸውን ጭነው፣ ተማሪው ሁሉ እያየ፣ ከቢሮው በር ላይ ወረዱ።

"ልጄ፣ ይኼን ፈተና ለሌላ ቀን አድርግልን" አሉ፣ አገውኛ በሚጎትተው አማርኛቸው።

"ካሌንደሩ ከበላይ የመጣ ነው፣ አባቴ። ቀኑን መንካት አልችልም" አሉ ጋሽ መላኩ ከወንበራቸው ተነስተው።

አያቴ ካርቶኑን ትኩር ብለው አዩት። "ሰዓቱስ? እሱም ከበላይ ነው?"

ጋሽ መላኩም ዞረው ካርቶኑን አዩት። "ሰዓቱ እንኳ... የእኔ ነው" አሉና ሳቁ፤ ሲስቁ ስናያቸው ያ የመጀመሪያችን ነበር።

እናም በበዓሉ ዕለት ጎህ ሲቀድ ክፍል ገባን። ሜዳው ውርጭ ለብሶ፣ እስክሪብቶ በደነዘዘ ጣታችን አልያዝ እያለን፣ እጃችንን በትንፋሻችን እያሞቅን ስንጽፍ፣ ከሜዳው ማዶ ፈረሶች ያሽካኩ ጀመር። ጋሽ መላኩ "ዓይናችሁን ወደ ወረቀታችሁ!" ይላሉ፤ እሳቸው ግን ከመስኮቱ አልተነሱም።

ወረቀታችንን አስረክበን እየተጋፋን ወጣን። አያቴ ነጭ ጋቢያቸው ከኋላቸው እየተውለበለበ በፊታችን ሽው ብለው ሲያልፉ፣ ጉልበት የከዳው ሰው አይመስሉም ነበር፤ እናቴ እልል አለች፣ እኔም ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ከዚያ ወርደው ልጓሙን ለጋሽ መላኩ ዘረጉላቸው። "ና፣ የአንተ ተራ ነው።" ፈረሱ ገና ረጋ ብሎ መራመድ ሲጀምር፣ ያ የምንፈራው ሰው ጋማውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው "ኧረ አቁሙልኝ!" ሲሉ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

አያቴ በዚያው ክረምት ዐረፉ። ጋሽ መላኩ ግን ተዛውረው እስኪሄዱ ድረስ፣ ፈተና በዚያ ቀን በዋለ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ያስፈትኑን ነበር።

ዛሬ እንጅባራ የምትማረው የልጄ የትምህርት ካሌንደር በቴሌግራም ይደርሰኛል። አምና ፈተናዋ ከበዓሉ ጋር ሲገጥም፣ ወላጆች ሁላችንም እዚያው ቴሌግራሙ ላይ አጉረመረምን፤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ የሄደ ግን አልነበረም። ልጄ እኩለ ቀን ላይ ከፈተና ስትወጣ፣ መንገዱ ላይ የቀረው አቧራ ብቻ ነበር።

"እማ፣ ፈረሶቹ አለፉ እንዴ?" አለችኝ።

"አለፉ፣ ልጄ" አልኳት።