በሕፃን ቆብ የተጠቀለለው ሃርድ ዲስክ

አጎቷ በስሟ ከጠሯት ቆይተዋል። «ካዝናዬ» ነው የሚሏት። ደንበኞቹም ከእሳቸው ሰምተው «ካዝና የለችም እንዴ?» እያሉ ይገባሉ። ስድብ ቢሆን ኖሮ መልስ አታጣለትም ነበር። ሙገሳ ነው እንጂ፤ በሙገሳ ደግሞ እንዴት ይቆጣሉ?

አጎቷ ፎቶ ቤት አላቸው። ከፊት መስታወት፣ መሃል ላይ መጋረጃና አንድ በርጩማ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ እሷ የምትሠራባት መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል። ትምህርት እንደጨረሰች ለአንድ ክረምት ላግዝዎት ብላ ነበር የመጣችው። ክረምቱ አለፈ፤ ሌላም ክረምት አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ መቁጠሩን ተወችው።

ድሮ ሌባ ገብቶ ኮምፒውተሩን ጠራርጎ ከወሰደ ወዲህ አጎቷ አንድ ሕግ አውጥተዋል፤ ፎቶ ሱቅ ውስጥ አያድርም። የሰፈሩ ሰርግ፣ ልደትና ምርቃት፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሳይቀር አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገባል፤ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ማታ ማታ ከእሷ ጋር ይሄዳል። እንዳይጋጭ ብላ በሱፍ የሕፃን ቆብ ትጠቀልለዋለች። አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ከራሷ አስቀድማ እሱን ታለብሳለች። ጓደኞቿ ከሥራ በኋላ እንገናኝ ሲሏት «ሃርድ ዲስኩ አለብኝ» ብላ እንደ አራስ ወደ ቤቷ ትቻኮላለች። «ልጁ ደኅና ነው?» እያሉ ይቀልዱባታል። መጀመሪያ መጀመሪያ አብራቸው ትስቅ ነበር።

ታላቅ እህቷ በሌላ ከተማ ማተሚያ ቤት ከፍታ ነይ አብረን እንሥራ ስትላት ከርማለች። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና ደወለች። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ። እኔም ሥራ አለብኝ እኮ፤ እስከ መቼ ልለምንሽ?»

ለአጎቷ ስትነግራቸው አልተቆጡም። አባቷ ከሞተ በኋላ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ውለታ ቆጥረውባት አያውቁም። «ሂጂ እንጂ ልጄ፤ ማን ያዘሽ?» አሏት። ከዚያ በቆቡ የተጠቀለለውን ነገር ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «ብቻ ይሄን ለማን ትተሽው ትሄጃለሽ?» አሉ። እሷ መቼም ያቺን «ብቻ» አሳምራ ታውቃታለች። በየዓመቱ አስራ የምታስቀምጣት እሷው ናት።

በዚህ ጊዜ ግን ቆረጠች። ሄዳ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ገዛች።

«ጋሼ፣ ይዩ» አለቻቸው ወንበሯ ላይ አስቀምጣቸው። «ያለውን ሁሉ ወደዚህ እንገለብጠዋለን። አንዱ ሱቅ ያድራል፣ አንዱ እርስዎ ቤት። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። በየቅዳሜው አዲሱን ሥራ መገልበጥ ብቻ ነው። እኔ አላስፈልግም።»

አዲሱን ስትሰካው ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ጠየቀ። «አዲስ ስለሆነ ነው» ብላ እሺ የሚለውን ተጫነች፤ «ሁለተኛ» የሚል ስም ሰጠችው፤ ጀርባውም ላይ ወረቀት ለጠፈችበት። አጎቷ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው እንደ ጎበዝ ተማሪ ይከታተላሉ። የዲስኩ መብራት እየተርገበገበ እንዳይነኩት፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እንዳይተዉት፣ ከመንቀላቸው በፊት ስክሪኑ ላይ አስወጣ የሚለውን ተጭነው አሁን መንቀል ይቻላል እስኪል እንዲጠብቁ ነገረቻቸው። ይህን የመጨረሻውን እሳቸው «ማሰናበት» አሉት። «ሳላሰናብት አልነቅልም» እያሉ በቃላቸው አጠኑት።

በማግስቱ ጠዋት መገልበጥ ጀመረች። ሥራው ያዘግማል፤ እስከ ማታም የሚያልቅ አይመስልም። ቀትር ላይ «ምንም እንዳይነኩ፤ መጣሁ» ብላ የአውቶቡስ ትኬት ልትቆርጥ ወጣች።

አጎቷ አንድ አመል አላቸው። ጎረቤት የነበረ ሱቅ በኤሌክትሪክ ከተቃጠለ ወዲህ፣ ለምሳ ሲወጡ የግድግዳውን ሶኬት አንድ በአንድ ሳይነቅሉ በሩን አይቆልፉም። እሷ ካለች ቆጣ ብላ ታስቆማቸዋለች። ስለ ዲስኩ ኬብል ያን ሁሉ ስትመክር፣ ስለ ግድግዳው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ትኬቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ስትመለስ አጎቷ ወንበሯ ላይ ፊታቸው በርቶ ጠበቋት።

«ካዝናዬ፣ ዛሬ ብቻዬን ተወጣሁት» አሉ።

«ምኑን?»

«ከምሳ መጥቼ ሶኬቱን መልሼ ብሰካው አሮጌው ዲስክ አልከፈት አለኝ። በኋላ ያንን ያንቺን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ፎርማት ላድርግ ወይ አለኝ። እንዳንቺ እሺ አልኩት። ወዲያው ተከፈተ። ጽድት ብሎልሻል።»

ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም ጸድቷል። አንዲት ፎልደር የለም። አዲሱ ላይ የተገለበጠውም ጥቂቱ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ምንም አይንኩ። ምንም» አለች በቀስታ። ምን እንዳጠፉ እስኪገባቸው ጊዜ ወሰደ፤ ሲገባቸው ከወንበሩ ተነስተው የደንበኛው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ፎቶ ሊነሳ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ሆን ብለው ቢያደርጉት ምንኛ በወደደች፤ እዚያው ጮሃባቸው፣ በሩን ወርውራ ዘግታ ትሄድ ነበር። ሊያግዟት ሞክረው ነው። ንዴቷን የምታሳርፍበት አላገኘችም።

አዲስ ነገር ካልተጻፈበት የጠፋው ሊገኝ እንደሚችል ታውቃለችና ሃርድ ዲስኩን ዕለቱኑ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰደችው። ሰውዬው ሰንበትበት አድርጎ ጠራት። «እድለኞች ናችሁ። ፎቶዎቹ ከሞላ ጎደል ወጥተዋል» አላት። «የፎልደሮቹ ስም ግን የለም። የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላችሁ?»

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስሙን ተነጥቆ አንድ ቦታ ተከምሯል። ሙሽራዋ ከጉርድ ፎቶ ጎን፣ የሞተው ከልደት ኬክ ጎን፣ ሁሉም በቁጥር ብቻ። አጎቷ ይህን ሲሰሙ ሃርድ ዲስኩን ሳሙት። «ተመስገን ነው። የሚለያቸውም ሰው አላሳጣን» አሉ እሷን እያዩ።

በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ መጣች። እናቷ ሞታባት ለቀብሩ ያሳተመችው ፎቶ አላማራትም፤ እዚህ የተነሱት የተሻለ ነው፣ ፈልጉልኝ አለች። አጎቷ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ጠባቧ ክፍል ዞሩ። ልጅቷ ያንን ሁሉ ክምር ስታገላብጥ ቆይታ እናትየዋን በባለ ነጠብጣቡ ሻርፗ አወቀቻት። ሴትየዋ ስክሪኑን በጣቷ እየነካች አለቀሰች። ከዚህ በኋላ ልጅቷ ምን ብላ ትሂድ? ትኬቱ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ ቀኑ አለፈ።

ለእህቷ ደወለች። «ሌላ ሰው ቅጠሪ» አለቻት።

«ቀጥሬያለሁ» አለች እህቷ።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ አጎቷ ወንበር ስበው አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ የሚያውቁት ፊት ሲመጣ ይናገራሉ፣ እሷ ስም ትጽፋለች። የሚያውቁት ጥቂት ነው። አንድ ቀን፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ በርጩማው ላይ የተቀመጠች የአንዲት ወጣት ፎቶ ስክሪኑ ላይ መጣ። ጸጉሯ ተበትኗል፤ ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ጀርባ ያለውን ሰው እያየች ትስቃለች። መብራት ለመሞከር የተነሳ ፎቶ ነው።

«ይቺን እንኳ አላውቃትም» አሉ አጎቷ። «የማን ልጅ ናት?»

እጇ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። «ለአንድ ክረምት ልታግዝ የመጣች ልጅ ናት» አለች።

«እዚህ? ታዲያ የት ሄደች?»

«አልሄደችም፣ ጋሼ።»

አጎቷ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ፤ ከዚያ እንደገና ስክሪኑን። ማውሱን ከእጇ ቀስ ብለው ወሰዱና አስወጣ የሚለውን ፈልገው ተጫኑ። መንቀል ይቻላል እስኪል፣ መብራቱም እስኪጠፋ ጠበቁ። ኬብሉን ነቀሉ፤ ሃርድ ዲስኩን ራሳቸው በቆቡ ጠቀለሉት።

«ዛሬ እኔ ጋ ይደር» አሉ። «ነገም።»

አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስትደርስ ገና አልመሸም። ባዶ ቦርሳዋን በክንዷ ከጎኗ አጥብቃ እንደያዘች አስተዋለችና ለቀቅ አደረገችው፤ ትንሽ ቆይታ ስታይ ተመልሳ አጥብቃ ይዛዋለች። ዛሬ ቤት የሚያስገባት ነገር የለም። ወዴት ልሂድ ብላ አሰበች፤ የምትሄድበት አንድ ቦታ እንኳ አልመጣላትም።