ገና በመጋቢት

የገና ዱላ በእሳት አይቆለመምም። በእሳት የጎበጠ እንጨት በታኅሣሥ ብርድ ሩሯን፣ ማለትም የእንጨት ኳሷን፣ ሲመታ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ገደል ላይ የበቀለ፣ ከሥሩ ጀምሮ ራሱ የጎበጠ ወይራ ፈልጎ መቁረጥ፣ ቅርፊቱን ልጦ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። ይህንን ማንም አላስተማረኝም፤ ብዙ ሰብሬ ነው ያወቅሁት። ለታላቅ ወንድሜ የምጠርብለት እኔ ነኝ። ግራኝ ስለሆነ የመምቻውን ፊት በተቃራኒው በኩል አስተካክልለታለሁ። ድሮ ሳቀብለው አመስግኖኝ አያውቅም ነበር። ወደ ላይ ወደ ታች ያየውና፣ «ይሄ የገና ዱላ ነው ወይስ የደብተራ መቋሚያ?» ይለኛል። ምስጋናው ያ ነበር።

ወንድሜ በክንዱ ብቻ ሳይሆን በአፉም ነበር የሚጫወተው። የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከላሊበላ በታች ባለው ሜዳችን ላይኛው መንደርና ታችኛው መንደር ሲገጥሙ፣ ሰው ግማሹ ጨዋታውን ሊያይ፣ ግማሹ እሱን ሊሰማ ይመጣል። አንድ ዓመት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለታችኛው መንደር ተሰልፈው ሩሯ በእግራቸው መሃል አለፈች። ወንድሜ ከኋላዋ እየሮጠ፣ «ጌታው፣ ማመልከቻ እስክታስገባ ነው የሚጠብቋት?» አላቸው። ሊቀመንበሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ባይስቁም መቆጣት አይችሉም፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። በማግስቱ ግን ያው ወንድሜ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም ያላቸው።

የወረዳው የስፖርት ሰዎች ያዩት እንዲህ ሲጫወት ነው። ለወረዳው ተጫወተ፤ ቀጥሎም ለዞኑ። በክልሉ የባህል ስፖርቶች ውድድር ጥሩ ከሆነ ደግሞ የክልሉን መለያ ለብሶ ወደ አገር አቀፉ እንደሚሄድ ተነገረው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ውድድሩ የተያዘው ለመጋቢት ነበር።

እናታችን አልወደደችውም። «ገና ካለፈ የምን ገና ነው? ያውም በሁዳዴ።»

«መንግሥት ቀኑን አዛውሮት ነው፣ እማ» አላት ወንድሜ።

«ልደትን ማን ያዛውራል?»

«እሱን ቄሶቹን ጠይቂ። እኔ ዱላ ያዥ ነኝ።»

ትርፍ ዱላዎቹን ተሸክሜ አብሬው ሄድኩ። ሜዳው ሣር ነው፤ ዙሪያው በኖራ ተሰምሯል፤ ፊሽካ ያንጠለጠለ ዳኛም አለው። ወንድሜ በጾም አፉ እንደዚያ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። በመጨረሻው ጨዋታ፣ ግብ ካስቆጠረ በኋላ፣ ሩሯ ከመስመር ወጥታ ወደ እንግዶች ድንኳን ተንከባለለችና የክብር እንግዳው ጫማ ሥር ቆመች። እንግዳው ትልቅ ባለሥልጣን ናቸው። አዩዋት እንጂ አልነኳትም። ወንድሜ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ።

«ጌታው፣ ያቀብሉኝ እንጂ። ወይስ ሲነሱ ወንበሩ እንዳያመልጥዎት ነው?»

እኛ ሜዳ ቢሆን ሰው በሳቅ መሬት ይንከባለል ነበር። እዚያ አንድ ሰው ብቻ ሳቅ ጀመረና፣ ግራ ቀኙን አይቶ ተወው። ዳኛው ሮጦ መጥቶ ቀይ ካርድ አወጣ።

ወንድሜ ወደ እንግዳው ዞረ። «ጨዋታ እኮ ነው፣ ጌታዬ። ገና ነው።»

እንግዳው አልተቆጡም። ቀስ ብለው፣ «ዛሬ ገና አይደለም፣ ወንድሜ» አሉት።

እውነታቸውን ነው። ወንድሜ ዱላውን ይዞ ከሜዳው ወጣ። ጨዋታው አልቆ የተመራጮቹ ስም በድምፅ ማጉያ ሲነበብ፣ የእሱ ሳይጠራ አበቃ። ምክንያቱን የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ፍላቂት ላይ ለምሳ ቆመ። ረዳቱ ወንድሜ ጉልበቶቹ መሃል ያቆመውን ዱላ አይቶ፣ «ምነው ወንድም፣ ለገና እኮ ገና ነው!» አለው። ተሳፋሪው ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወንድሜ ረዳቱን እስከ ላሊበላ አያሳርፈውም ነበር። ዱላውን ወንበሩ ሥር ከተተው።

ከዚያ ወዲህ ጦርነቱም መጣ፤ ሜዳው ባዶውን የዋለበት ገናም ነበር። ጨዋታው ሲመለስ እሱም ተመለሰ። ክንዱ ያው ነው። ባለፈው ገና ሊቀመንበሩ እንደ ልማዳቸው ሩሯን ሳቱና ቀና ብለው አዩት። ሰውም ቀልዱን ጠበቀ።

«በል እንጂ» አሉት። «ምነው፣ ተኳረፍን እንዴ?»

«ኧረ የለም፣ ጌታዬ።» ጎንበስ ብሎ ሩሯን አነሳና በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ሊቀመንበሩ ሩሯን ይዘው ቆሙ። ምን እንደሚያደርጓት የገባቸው አይመስሉም ነበር።

ለዘንድሮ አዲስ ዱላ ጠረብኩለት። መያዣውን ሆን ብዬ ከልኩ አስረዘምኩት፤ ያየ ሁሉ መቋሚያ ነው እንዲል። ተቀበለኝና ወደ ላይ ወደ ታች አየው። ጠበቅሁ።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ።»