ባለሥዕሉ ታርጋዬ

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ስኖር ለመኪናዬ ባለሥዕል ታርጋ አወጣሁ። ከተራው ትንሽ ይወደዳል፤ ጭማሪው ግን ለሥነ ጥበብ ትምህርት ነው የሚውለው። እማዬ ይህን ስትሰማ «ለቆርቆሮ ነው እንዴ ዶላር የምትበትነው?» እያለች ወር ሙሉ ነዘነዘችኝ።

አንድ ቅዳሜ እማዬን ለአዛውንቶች በነጻ ከሚሰጠው የሥዕል ትምህርት ልመልሳት ሄጄ መኪና ውስጥ ስጠብቅ፣ አንዲት ፈረንጅ ታርጋዬን ፎቶ ስታነሳ አየሁ። የማቆሚያ ቅጣት ልትጽፍብኝ መሰለኝና ወርጄ «አሁን ነው ያቆምኩት!» ብዬ ጮህኩባት። ለካ የእማዬ አስተማሪ ናት! «ቀለማችንን የሚገዛልን እንዲህ ያለ ታርጋ እኮ ነው!» ብላ ተማሪዎቿን ሁሉ ጠራች። አዛውንቶቹ ወጥተው መኪናዬን ከበው አጨበጨቡልኝ።

እኔ በኩራትም በሀፍረትም መሬት መሬት ሳይ፣ እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ወጣች። ታርጋውን በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ባላት እንግሊዝኛ «ማይ አይዲያ!» አለቻቸው።