ከካዛንቺስ ጎተራ፦ ከእህቴ ጋር ለዕርቅ

እሑድ ጠዋት ከታናሽ እህቴ ከሄለን ጋር ከካዛንቺስ ተነሣን። መድረሻችን ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ዓላማችን ዕርቅ ነበር። ፋሲካ ዕለት አክስታችን እታገኝ ድንገት ቢያጎርሷት ሄለን ጮኸች። እሳቸውም «ንቃኝ ነው» ብለው ቤታችን መምጣት አቆሙ። ሄለን ደግሞ አክስቷን እጅግ ትወዳለች።

ከመንገዱ በፊት ትንሽ ላስረዳ። ሄለን ኦቲዝም አለባት። ለእኛ ተራ የሆነ ድምፅ ወይም ንክኪ ለእሷ ይበዛባታል። ይመጣብኛል ብላ ስትፈራ ትጨነቃለች፤ ስትጨነቅ ደግሞ ሁሉም ነገር የባሰ ይጎላባታል። ኦቲዝምና ጭንቀት አንድ አይደሉም፤ ግን አንዱ ሌላውን ያባብሳል።

ካዛንቺስ

ሰው እንዳይጠጋት ብዬ ሚኒባሱ ውስጥ የሦስት ሰው ሒሳብ ከፈልኩ። ወያላው ባዶውን ወንበር አየና፣ «ይሄኛው የት ይወርዳል?» አለ።

«ጎተራ» አለች ሄለን ኮስተር ብላ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

ላንቻ

መንገዱ ተዘጋጋ፤ ጥሩምባው ቀለጠ። ሄለን ጆሮዋን ይዛ መወዛወዝ ጀመረች።

«ወንድሜ፣ ቴፑን ቀንስልን» አልኩት ሾፌሩን።

«ምነው፣ ለቅሶ ነው እንዴ የምትሄዱት?» አለ ወያላው።

«አይ፣ ድምፅ ያማታል።»

«በቃ፣ እኔም ዝም!» ከዚያ ወዲያ ተሳፋሪ የሚጠራው በእጁ እየጠቆመ ነበር።

ጎተራ

አክስቴ በር ላይ ሊስሟት ሲንደረደሩ መሃል ገብቼ የእሷንም ድርሻ እኔው ሳምኩ። ደረቅ ጥብስ ቀረበ። እኔም የተዘጋጀሁበትን ገለጻ ጀመርኩ። «ማለቴ፣ አክስቴ፣ የሄለን የስሜት ሕዋሳት...»

«አንቺ አስተማሪ፣ እዚህ ሰሌዳ የለም፤ ብይ!» አሉና ወደ ሄለን ዞሩ። «እጄን ተጸይፈሽ ነው?»

«አይደለም። እጅ ሲመጣብኝ እፈራለሁ» አለች። «የእኔ እጅ ሲሄድ ግን አልፈራም።»

እንጀራ ቆረሰች፣ ጥብሱን ጠቀለለች፣ ወደ አክስቴ አፍ ዘረጋች። ጉርሻው የጎረምሳ ጉርሻ ነበር! አክስቴ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ አላመጡ፤ እንደዋጡም «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ። ሄለን ሁለተኛውን መጠቅለል ጀምራ ነበር።

መልስ

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አሰብኩ። ለካ ሄለን ለምን መጉረስ እንደማትችል ላስረዳ ስዘጋጅ፣ ማጉረስ ትችል እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

እናታችን በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። «እህ፣ ታረቃችሁ?»

«ጠገቡ» አለች ሄለን። «የሚመጣው እሑድ እኛ ጋ ይበላሉ።»