ከአግዳሚው ያልተነሡ ለቀስተኞች

ጎንደር ገበያ ውስጥ ሙሚናን የማያውቅ ጨርቅ ገዢ የለም። ጣቃውን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «ይሄ ሁለት እጥበት አይችልልህም፤ ሌላ ምረጥ» የምትል ነጋዴ ናት። ባሏ ጃቢር ከሞተ ወዲህ ግን እንቅልፍ ሸሻት፤ የጀመረችው ወግ ሳይቀር መሀል ላይ ይጠፋባት ጀመር።

ጉዱ የፈላው የኮሶዬው ሽማግሌ አላምረው ለልጃቸው ሰርግ ነጭ ጨርቅ የገዙ ጊዜ ነው። ሙሚና ሁለት ጥቅል ቋጥራ ነበር፣ አንዱን ለሙሽራ፣ አንዱን ለሐዘንተኛ። አቀያይራ ሰጠች። ሽማግሌው አማቶቻቸው ፊት ሲፈቱት ጥቁር የከል ጨርቅ!

የባሏ ታላቅ ወንድም ዐብዱልከሪም ወሬውን ሰምቶ እየከነፈ መጣ። «ጭንቅላትሽ ተነክቷል። ሱቁን እኔ ልያዘው፤ አንቺ ቤትሽ አርፈሽ ተቀመጪ።»

«መነካቱንማ የተማረ ይንገረኝ» አለችና ሆስፒታል ሄደች።

ሐኪሟ እታገኘሁ ማስረዳት የምትወድ ልጅ ናት። «እትዬ ሙሚና፣ ሰው ሲጨነቅ ከኩላሊቱ በላይ ያለች ዕጢ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ትለቃለች። ደም አንጎል ያደርሰዋል። እዚያ የሚቀበሉት ፕሮቲኖች አሉ፤ እነሱ ላይ ይጣበቃል። ለቅሶ ቤት ያስቡ፤ ሆርሞኑ ለቀስተኛው፣ ፕሮቲኑ መቀመጫው ነው። የቅርብ ዘመድ የሚቀመጥበት አግዳሚ ሰው አያጣም፤ ሆርሞኑ ትንሽ ሲሆን እዚያ ያርፋል፣ ደግም ነው። ሲበዛ ግን ግቢው ውስጥ የተደረደረውም ወንበር ይሞላል። ትውስታ የሚይዘው የአንጎል ክፍል ደግሞ ወንበሩ ብዙ ነው። ለቀስተኛው ለወራት ካልተነሣ ባለቤቲቱ በየት ትለፍ?»

«እንግዲያስ አላበድኩም?»

«ምን በወጣዎት! ለቀስተኞቹ ይነሣሉ። እንቅልፍ፣ እግር ጉዞ፣ የሰው ጨዋታ ያስፈልጋል። የሚያስጨንቅዎትንም ይቀንሱ።»

«የሚያስጨንቀኝማ የባሌ ወንድም ነው፤ ሱቄን ከጅሎ ቁጭ ብሏል!» ሁለቱም ሳቁ።

ስትመለስ ዐብዱልከሪምን ሱቁ ውስጥ በጃቢር በርጩማ፣ በዱካው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አላምረውም ከሉን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል።

«አያ ዐብዱልከሪም፣ ለቅሶው አልቋል። ተነሥ።»

«እብደትሽን ገበያው ይስማልሽ?»

«ይስማ! አእምሮዬ እንግዳ በዝቶበታል እንጂ ባለቤት አላጣም።»

አላምረው ሳል ሳል አሉ። «አማቶቼማ ‹ሙሽራዋን ልትቀብራት ነው?› ብለው አፋጥጠውኝ ነበር። ምነው ልጄ?»

«አጥፍቻለሁ፣ አያ አላምረው።» ነጩን ለክታ ቆረጠችና ደጅ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። «ይዩት።»

«ሸጋ ነው።»

«እንግዲያስ ራስዎ ይቋጥሩት።»

ዐብዱልከሪም ብድግ አለ። «ነገስ ብትረሺ?»

«ነገም ገዢው አይቶ ይቋጥራል፤ ለቀስተኞቼ እስኪነሡልኝ።» አለችና ዱካውን ስባ ተቀመጠችበት።